ከኩራዝ እስከ ሶላር መብራት፦ የኬሚካል ቅንብር ለብርሃን ያለው ድርሻ ታሪክና ለሳይንስ ትምህርት የሚሰጠው ጥቅም

መግቢያ

የሳይንስ ትምህርት ከተማሪው አካባቢና ኑሮ ጋር ተዛምዶ መሰጠት እንደሚገባው በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች ዘወትር ይነገራል። ይሁንና ይህ አሳብ ወደ መማሪያ ክፍል ሲገባ ብዙውን ጊዜ በእርሻና በጤና አጠባበቅ ምሳሌዎች ተወስኖ ይቀራል። ኬሚስትሪ ግን ከቤተ ሙከራ ውጭ የማይገኝ፣ ብልቃጥና አሲድ ከሌለ ሊታይ የማይችል ዕውቀት ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህም ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ኬሚስትሪን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ እንዲያስተምር የተፈረደበት ይመስላል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው በኩታበር ወረዳ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የተሰነዘረ ጥያቄ ነው። ኩታበር ከደሴ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የደቡብ ወሎ ደጋ ነው። ጸሐፊው ከጥቂት ዓመታት በፊት በተግባር ልምምድ ላይ የነበረ አንድ እጩ መምህር ሲያስተምር ለመከታተል ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ነበር። የዕለቱ ትምህርት ስለ ንጥረ ነገርና ስለ ውሁድ ነበር። በመካከሉ አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ከደብተሯ ጋር ይዛው የመጣችውን ትንሽ የሶላር መብራት አንሥታ፣ «መምህር፣ ይህ መብራት ሲጠፋ ውስጡ ቢጫ ነው፤ ሲበራ ግን ነጭ ነው። ቢጫው የት ይሄዳል?» ስትል ጠየቀች። እጩ መምህሩ ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ ግን በዛሬው ትምህርት ውስጥ የለም» አላትና ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። ጸሐፊውም በመከታተያ ቅጹ ላይ ለሰዓት አጠቃቀም ከፍተኛ ነጥብ ሰጥቶ ወጣ።

ወደ ደሴ ሲመለስ ግን ነገሩ ከነከነው። የጥያቄውን መልስ የማያውቀው እጩ መምህሩ ብቻ አልነበረም፤ ጸሐፊውም አያውቀውም ነበር። ጥያቄውም ከዕለቱ ትምህርት ውጭ አልነበረም። አንድ ውሁድ ከምን ከምን እንደተቀመመ በጠባዩ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ እንዲያውም የትምህርቱ ዋና ነጥብ እርሱ ነበር። ከዚህ በታች የቀረበው ታሪክ ለዚያች ተማሪ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው።

በሙቀት የሚገኝ ብርሃን

በወሎ ደጋ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ገጠር ሁሉ፣ የሌሊት ብርሃን ለረጅም ዘመን የተገኘው ከምድጃ እሳት፣ ከጧፍና በኋላም ከኩራዝ ነው። የኩራዝ ነበልባል ቢጫ ሆኖ የሚታየው በላምባው ውስጥ ያለው ካርቦን በሙሉ ሳይቃጠል ቀርቶ ወደ ደቃቅ የጥላሸት ቅንጣትነት ስለሚለወጥና ቅንጣቶቹም ግለው ስለሚያበሩ ነው። ስለዚህ ጣራውን የሚያጠቁረው ጥላሸትና ደብተሩን የሚያሳየው ብርሃን ምንጫቸው አንድ ነው።

ለሰርግና ለትልልቅ ድግስ ይበራ የነበረው ማሾ ከኩራዝ እጅግ የላቀ ብርሃን የሚሰጥበት ምክንያት ነዳጁ ሳይሆን ነበልባሉን የምታቅፈው ትንሽ የክር ከረጢት ናት። ይህችን ከረጢት የፈለሰፈው ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ ነው። የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 ሲሆን፣ የተሳካ ውጤት ላይ የደረሰው ግን በ1891 ነበር። ክሩ በጨዎች ተነክሮ ሲቃጠል ጥጡ ጠፍቶ የሚቀረው 99 በመቶ የቶሪየም ኦክሳይድና 1 በመቶ የሴሪየም ኦክሳይድ ነው። ንጹሕ የቶሪየም ኦክሳይድ ለብቻው ሲግል የሚሰጠው ብርሃን ደካማ ነው። ሴሪየሙ ከሚገባው በላይ ሲበዛም ብርሃኑ ይቀንሳል። አንድ በመቶው ላይ ሲደርስ ግን ከረጢቷ በደማቁ ታበራለች።

በእርግጥ የማሾ ብርሃን በሙቀት የሚገኝ ስለሆነ ቀጥሎ ከምንመለከተው ዓይነት ይለያል። ነገር ግን ለታሪካችን መግቢያ የሚሆን አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም የብርሃኑ መጠን የሚወሰነው በብዙው ነገር ብቻ ሳይሆን በጥቂቱ ጭምር መሆኑ ነው። እርሾ ለሊጥ፣ ጨውም ለወጥ የሚያደርጉትን የምታውቅ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይከብዳትም።

ሳይግል የሚያበራ ድንጋይ

እ.ኤ.አ. በ1600ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያን አገር በቦሎኛ ከተማ ይኖር የነበረ ቪንቼንሶ ካሽያሮሎ የሚባል ጫማ ሰፊ፣ ከከተማው አጠገብ ካለ ተራራ ያገኘውን ከባድ ድንጋይ ከከሰል ጋር አቃጠለው። ዓላማው ወርቅ ማግኘት ነበር፤ ወርቅ ግን አላገኘም። ሆኖም የተቃጠለው ድንጋይ ቀን የፀሐይ ብርሃን ካየ በኋላ ጨለማ ውስጥ ሲገባ ሳይግል ያበራ ነበር።

ዛሬ እንደሚታወቀው ድንጋዩ ባራይት የተባለ የባሪየም ሰልፌት ማዕድን ነው። በከሰል እሳት ኦክስጂኑን አጥቶ ወደ ባሪየም ሰልፋይድ ይለወጣል። ብርሃን የመስጠት ችሎታውን ያገኘው ግን በማዕድኑ ውስጥ ከነበረ እጅግ ጥቂት መዳብ መሆኑን በዘመናችን የተደረገ ምርምር አረጋግጧል። ካሽያሮሎ መዳብ እንዳለበት አያውቅም ነበር። ከእርሱ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የሞከሩ ሰዎችም አንዱ ድንጋይ አብርቶ ሌላው እንቢ ሲል ምክንያቱን ሳያውቁ ቀርተዋል።

የአየርላንድ ተወላጁ ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1852 ባሳተመው ጥናት ይህን መሰሉ ነገር የተቀበለውን ጨረር ከሞገድ ርዝመቱ በረዘመ ሌላ ብርሃን መልሶ እንደሚሰጥ አስረዳ። በ1866 ደግሞ ፈረንሳዊው ቴዎዶር ሲዶ የሚያበራ የዚንክ ሰልፋይድ ክሪስታል ሠራ። ቀስ በቀስም ዚንክ ሰልፋይድ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ያህል መዳብ ሲገባበት አረንጓዴ፣ ብር ሲገባበት ሰማያዊ እንደሚያበራ ታወቀ። ብረት ወይም ኒኬል ከገባበት ግን እጅግ ጥቂቱ እንኳ ብርሃኑን ያዳክመዋል።

እነዚህን መሰል ቁሶች ፎስፈር ተብለው ይጠራሉ። መምህራን ይህን ስም ፎስፎረስ ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር እንዳያምታቱት ያስፈልጋል። ሁለቱም ስሞች የመጡት «ብርሃን ተሸካሚ» ከሚል የግሪክ ቃል ቢሆንም፣ ፎስፈር የሆነ ቁስ ሁሉ ፎስፎረስ አለበት ማለት አይደለም።

ባለቤትና እንግዳ

የፎስፈር አሠራር በአጭሩ እንደሚከተለው ሊገለጽ ይችላል። አብዛኛውን መጠን የሚይዘው ክሪስታል አስተናጋጅ ሲባል፣ በጥቂቱ የሚጨመረው ንጥረ ነገር አነቃቂ ይባላል። ጨረር ሲያርፍበት የአነቃቂው ኤሌክትሮን ጉልበት ተቀብሎ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ከተቀበለው ጉልበት ከፊሉ ክሪስታሉን በማንቀጥቀጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ኤሌክትሮኑ ወደ ቦታው ሲመለስ የቀረው ጉልበት ብርሃን ሆኖ ይወጣል። የብርሃኑ ቀለም የሚወሰነው በሁለቱ እርከኖች መካከል ባለው ርቀት ነው። ርቀቱን ደግሞ የሚወስነው እንግዳው ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በማን ቤት እንዳረፈም ጭምር ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ማንጋኒዝ ነው። በዚንክ ሲሊኬት ውስጥ ማንጋኒዝ በአራት ኦክስጂኖች ተከብቦ ሲቀመጥ አረንጓዴ ያበራል። ያው ማንጋኒዝ ከዚያ የበዙ ጎረቤቶች በሚከቡት በካልሲየም ፎስፌት ክሪስታል ውስጥ ሲገባ ግን ብርሃኑ ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ዩሮፒየም የተባለው ንጥረ ነገርም እንደ ኤሌክትሪክ ሙሉ ይለያያል። ሦስት ኤሌክትሮን የጎደለው ዩሮፒየም ዘወትር ቀይ ሲያበራ፣ ሁለት የጎደለው ግን በአንዱ ክሪስታል ሰማያዊ፣ በሌላው አረንጓዴ፣ በሌላው ደግሞ ቀይ ይሆናል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ሕግ አነቃቂው በበዛ ቁጥር ብርሃኑ አብሮ እየጨመረ አለመሄዱ ነው። እንግዶቹ እጅግ ከተቀራረቡ የተቀበሉትን ጉልበት አንዱ ለአንዱ እያሳለፈ በመጨረሻ በክሪስታሉ ጉድለቶች ላይ ያባክኑታል። በማሾ የታየው የልክ ጉዳይ እዚህም፣ በሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ ተመልሶ ይመጣል።

ከፍሎረሰንት እስከ ፕላዝማ

በቢሮዎችና በመማሪያ ክፍሎች ጣራ ላይ የምናውቀው ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል በውስጡ ጥቂት የባዜቃ እንፋሎት አለው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ባዜቃው በአብዛኛው 254 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው፣ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ያመነጫል። ይህን ጨረር ወደሚታይ ብርሃን የሚለውጠው ከመስተዋቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተቀባው ነጭ ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በእንግሊዝ አገር ማክኬግና ራንቢ የተባሉ ተመራማሪዎች ለዚህ ተግባር ያገኙት ዱቄት ክሎሪንና ፍሎሪን ያሉበት የካልሲየም ፎስፌት ሲሆን፣ ከአጥንትና ከጥርስ ማዕድን ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። አነቃቂዎቹ አንቲሞኒና ማንጋኒዝ ናቸው። አንቲሞኒው ሰማያዊ ያበራል፤ ከጉልበቱም ከፊሉን ለማንጋኒዙ አሳልፎ ብርቱካንማውን ያስገኛል። ፋብሪካው ማንጋኒዙን ጥቂት ከፍ ካደረገ አምፖሉ ሞቅ ያለ ነጭ፣ ዝቅ ካደረገ ቀዝቀዝ ያለ ነጭ ይሆናል። በአምፖሉ ካርቶን ላይ የምናነበው ልዩነት የቅመም ልዩነት ነው።

የዚህ ዱቄት ጉድለት ቀዩ ብርሃን ማነሱ ነበር፤ በሥሩ የተቀመጠ ቀይ ጥለት ደብዝዞ ይታያል። ጉድለቱ የተወገደው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያበሩ ሦስት ፎስፈሮችን በመደባለቅ ነው። ቀዩ ዩሮፒየም የተጨመረበት ይትሪየም ኦክሳይድ ነበር። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞቹ ሲያከፋፍል፣ የተጠቀለለው መስተዋት ውስጥ ወደየቤቱ የገቡት እነዚህ ሦስት ዱቄቶች ነበሩ። ያንኑ ያህል ብርሃን ለመስጠት ከቀድሞው ባለ ሽቦ አምፖል ፍጆታ አንድ አራተኛው ወይም አንድ አምስተኛው ይበቃቸው ነበር።

የቴሌቪዥን ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። በአገራችን በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ስርጭት በጥቁርና ነጭ የሚታይ ሲሆን፣ የዚያ ዘመን መስተዋት ነጭ ሆኖ የሚታየው ሰማያዊና ቢጫ የሚያበሩ ሁለት የሰልፋይድ ዱቄቶች ተደባልቀው ስለተቀቡበት ነው። ሰማያዊና ቢጫ ብርሃን አንድ ላይ ሲደርሰው የሰው ዓይን ነጭ እንደሚያይ አንባቢ ያስታውስ፤ የተማሪዋን ጥያቄ የምንመልሰው በዚሁ ነው። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ደግሞ ደማቅ ቀይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 ዩሮፒየም ያለበት የይትሪየም ቫናዴት ከተሠራ በኋላ ነው።

በ1997 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ «ፕላዝማ» የሚለው ቃል የመምህራንና የተማሪዎች የዕለት ቃል ሆነ። በዚያ መስተዋት ጀርባ እጅግ ትናንሽ ጉድጓዶች ተደርድረው ነበር። በውስጣቸው ያለው የዜኖን ጋዝ በኤሌክትሪክ ሲነቃ 147 ናኖሜትር የሆነ ጨረር ያመነጫል፤ ጨረሩም በየጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎስፈር ያበራዋል። አረንጓዴው ቀደም ብለን ያየነው ማንጋኒዝ ያለበት ዚንክ ሲሊኬት ነው። ሰማያዊው ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው ዩሮፒየም በባሪየም ማግኒዚየም አሉሚኔት ውስጥ፣ ቀዩ ደግሞ ሦስት የጎደለው ዩሮፒየም በይትሪየምና ጋዶሊኒየም ቦሬት ውስጥ ነው። ከሦስቱ ቀድሞ የሚደክመው ሰማያዊው ነበር።

ስለዚያ ፕሮግራም ጥቅምና ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሮጥ እንደነበርና መምህሩ በክፍሉ ውስጥ የነበረው ድርሻ እንደጠበበ በወቅቱ ተደጋግሞ ተነግሯል። በዚህ ጽሑፍ ሊነሣ የሚገባው ግን ሌላ ነው። ኬሚስትሪን የሚያስተምረው መስተዋት ራሱ የኬሚስትሪ ትምህርት ሆኖ ሳለ ያን ለተማሪ የነገረው አልነበረም። የፕላዝማ መስተዋት ምርት እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ በዓለም ዙሪያ ሲያበቃም ዕድሉ አብሮ አለፈ።

ቢጫው የት ይሄዳል?

አሁን ወደ ኩታበሯ ተማሪ ጥያቄ እንመለስ። ጃፓናዊው ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ1993 ደማቅ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ሠራ። እርሱም፣ ሥራውን ቀደም ብለው የጀመሩት ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖም በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ሰማያዊ ብርሃን ግን ለማንበብ አይመችም። በ1996 ናካሙራ ይሠራበት የነበረው ኩባንያ ሰማያዊውን ኤልኢዲ ሴሪየም የተጨመረበት የይትሪየም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ክሪስታል ባለበት ሙጫ ሸፍኖ ለገበያ አቀረበው። ይህ ፎስፈር በኔዘርላንድስ በብላሴና ብሪል የተጠናው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የታሰበው ለሌላ አገልግሎት ነበር።

ዱቄቱ ሰማያዊ ብርሃን እየዋጠ ቢጫ ይመልሳል። መብራቱ ጠፍቶ በቀን ብርሃን ስናየው ቢጫ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሲበራ ግን ከሥሩ ከሚወጣው ሰማያዊ ከፊሉ ሳይዋጥ ያልፋል፤ ከፊሉ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ሁለቱም አብረው ወደ ዓይናችን ሲደርሱ ነጭ እናያለን። እንግዲህ ቢጫው የትም አልሄደም፤ በነጩ ውስጥ አለ።

ቅንብሩን መለወጥ ምን እንደሚያመጣም እዚሁ ላይ በግልጽ ይታያል። ከይትሪየሙ ከፊሉ በጋዶሊኒየም ቢተካ ብርሃኑ ወደ ብርቱካንማ ያዘነብላል፤ ከአሉሚኒየሙ ከፊሉ በጋሊየም ቢተካ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሴሪየሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ቤቱ ነው። በማሾ ከረጢት ውስጥ ያገኘነው ሴሪየም ከመቶ ዓመት በኋላ በሌላ መልክና በሌላ ሥራ በሶላር መብራት ውስጥ መገኘቱም ለታሪክ ትምህርት የሚስማማ አጋጣሚ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ልዩነት መጠቆም ያስፈልጋል። ከኩታበር በስተሰሜን ምዕራብ በሚገኘው በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የታወቀው ኦፓል በልዩ ልዩ ቀለም ሲጫወት የሚያይ ተማሪ ድንጋዩ ያበራል ብሎ ሊገምት ይችላል። ኦፓል የሚያሳየው የቀለም ጨዋታ ግን ከራሱ የመነጨ ብርሃን አይደለም። በውስጡ በሥርዓት የተደረደሩ እጅግ ደቃቅ የሲሊካ ድቡልቡሎች ከውጭ የመጣውን ብርሃን ስለሚከፋፍሉት ነው። ጨለማ ውስጥ ቢገባ ጨዋታው ያበቃል። ፎስፈር በቅንብሩ፣ ኦፓል በድርድሩ ቀለም ያሳያሉ ብሎ ማነጻጸር ይቻላል።

ለመማሪያ ክፍል የሚሆኑ ሙከራዎች

ከላይ የተገለጸውን ለማሳየት የተደራጀ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የሚከተሉት በቀላል ወጪ ሊሠሩ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ተማሪዎች የጠፋ የሶላር መብራት ወይም የእጅ ባትሪ ኤልኢዲ ተመልክተው ቢጫውን እንዲያዩ፣ ከዚያም መብራቱን አብርተው በነጭ ወረቀት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን እንዲመዘግቡ ማድረግ። በበራ ኤልኢዲ ላይ ማፍጠጥ ዓይን ስለሚጎዳ መከልከል አለበት።

ሁለተኛ፣ በአሮጌ ሲዲ ገጽ ላይ የልዩ ልዩ መብራቶችን ብርሃን አንጸባርቆ ማነጻጸር። የኩራዝ ቀለሞች ሳይቋረጡ ይያያዛሉ። የኃይል ቆጣቢ አምፖል ቀለሞች ተነጣጥለው ይታያሉ። በኤልኢዲ ደግሞ ሰማያዊው ጎልቶ ከእርሱ ቀጥሎ ሰፊ የአረንጓዴ፣ የቢጫና የቀይ መስክ ይከተላል።

ሦስተኛ፣ የእርድ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ፣ የተቀጠቀጠ የጎመን ቅጠል በሌላ ብርጭቆ በሕክምና አልኮል ዘፍዝፎ ማጥለል፤ ከዚያም ጨለም ባለ ክፍል ሐሰተኛ ገንዘብ በሚለይ የአልትራቫዮሌት መብራት ማየት። እርዱ አረንጓዴ ያዘለ ቢጫ፣ ጎመኑ ቀይ ያበራል። የበራባቸው መብራት አንድ ሲሆን የመለሱት ብርሃን የተለያየው ቅንብራቸው ስለተለያየ ነው። አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ኩራዝና ክብሪት ከአካባቢው መራቅ አለባቸው፤ ወደ መብራቱም በቀጥታ ማየት አይፈቀድም።

የተሰበረ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ባዜቃ ስላለበት ለሙከራ ተብሎ በፍጹም መከፈት እንደሌለበት እጩ መምህራን አስቀድመው ሊነገራቸው ይገባል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው ከጫማ ሰፊው ድንጋይ እስከ ሶላር መብራት ባለው ታሪክ ውስጥ ብርሃኑን የለወጠው በአብዛኛው በጥቂቱ የተጨመረ ነገር ነው። ይህ ታሪክ በኩታበር ቤቶች ውስጥ በኩራዝ፣ በማሾ፣ በአምፖልና በሶላር መልክ ተከታትሎ አልፏል። ስለዚህ በደጋው ትምህርት ቤት የጎደለው ማስረጃው ሳይሆን ማስረጃውን አንሥቶ የሚያስረዳ ሰው ነው። ለዚህም ተጠያቂው የመንደሩ መምህር ብቻ ሳይሆን እርሱን ያሠለጠነው ተቋም፣ በመጀመሪያም ሥርዓተ ትምህርቱን የምናዘጋጅ ባለሙያዎች ነን።

ጸሐፊው ከዚህ በመነሣት አንድ ትንሽ ማሻሻያ ያቀርባል። በተግባር ልምምድ የመከታተያ ቅጽ ላይ ሰዓት አጠቃቀምን፣ የሰሌዳ አጻጻፍንና የክፍል አያያዝን የሚመዝኑ ረድፎች አሉ። ከእነርሱ በታች፣ «ተማሪ ያልተጠበቀ ጥያቄ ሲጠይቅ እጩ መምህሩ ምን አደረገ?» የሚል አንድ ረድፍ ቢጨመር መልካም ነው። መልሱን አለማወቅ ነጥብ አያስቀንስ፤ «አላውቅም፤ ነገ አብረን እንመልከተው» ያለ እጩ ሙሉ ነጥብ ያግኝ። ያን ቀን ቅጹ ላይ ይህ ረድፍ ቢኖር ኖሮ፣ ከክፍሉ ኋላ የተቀመጠው ተቆጣጣሪም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ቆም ብሎ ያስብ ነበር።